ከ«ክርታስ» እስከ «ጥበብ»፦ የካርቱን ፊልም ሥራና ስያሜ ታሪክ በአማርኛ

አንድ ሙያ ወደ አንድ አገር ሲገባ መሣሪያውንና የመሣሪያውን ስም ይዞ ይገባል። መሣሪያው ያረጃል፣ ይለወጣል፤ ስሙ ግን አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ በቀላሉ አይነቀልም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በተለምዶ «ካርቱን» ወይም «አኒሜሽን» የሚባለው፣ በሥዕል የሚሠራው ተከታታይ ፊልም በአገራችን ከምን ተነሥቶ የት እንደ ደረሰና አማርኛ ለዚህ ሙያ ምን ዓይነት ቃላት እንዳሉት ነው። ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። ሕፃናት ከወላጆቻቸውና ከመምህራቸው ቀጥለው አማርኛን በብዛት የሚሰሙት ከእነዚህ ፊልሞች ስለ ሆነ፣ ሥራው በምን ቋንቋ ታስቦ ይሠራል የሚለው ጥያቄ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችንም ተርጓሚዎችንም ይመለከታል።

1. የሁለቱ ቃላት ዘር

«ካርቱን» የሚለው ቃል የመጣው ወፍራም ወረቀት ማለት ከሆነው ከኢጣልያንኛው «ካርቶኔ» ነው። የአውሮፓ ሠዓሊዎች የግድግዳ ሥዕል ከመሥራታቸው በፊት ንድፉን የሚያወጡት በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ስለ ነበረ፣ ስሙ ከወረቀቱ ወደ ንድፉ ተላለፈ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የጋዜጣ ስላቅ ሥዕል መጠሪያ ሆነ፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ወደ ፊልም ተሻገረ። የኢጣልያንኛው ቃል በላቲን በኩል የሚመዘዘው ከግሪኩ «ኻርቴስ» ነው። ከዚሁ ዘር የተገኘው «ክርታስ» በግዕዝ ወረቀትንና መጽሐፍን ለመጥራት ሲያገለግል ኖሯል። «ካርታ» እና «ካርቶን» የሚሉትም ቃላት በሌላ መንገድና በሌላ ዘመን የገቡ የዚያው ቤተ ሰብ አባላት ናቸው። ስለዚህ «ካርቱን» ለአማርኛ ፍጹም ባዕድ አይደለም፤ ቀድመውት ከገቡ ዘመዶቹ ጋር የተገናኘ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው።

«አኒሜሽን» ደግሞ መሠረቱ የላቲኑ «አኒማ» ነው፤ ትርጉሙም እስትንፋስ፣ ነፍስ ማለት ነው። የግሪኩ «አኔሞስ»፣ ማለትም ነፋስ፣ የዚህ ቃል ዘመድ ነው። የእኛም ቋንቋ በራሱ መንገድ ሄዶ ከዚያው ሐሳብ ደርሷል፤ «ነፈሰ»፣ «ነፋስ»፣ «ነፍስ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። የሞተ የመሰለው ሲነቃ «ነፍስ ዘራ» የምንለው አነጋገርም የዚህን ሙያ ፍሬ ነገር በሁለት ቃላት ይገልጸዋል።

2. ከፊልም በፊት የነበረው መሠረት

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መተረክ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ የቅዱሳን ገድል ከመጀመሪያ እስከ ፍጻሜ በቅደም ተከተል ይሣላል። በ20ኛው መቶ ዓመት በአዲስ አበባ በሸራ ላይ እየተሣለ ይሸጥ የነበረው የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍሎች የተከፈለ ነበር፤ ተመልካቹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እየሄደ ሥዕሉን እንደ ጽሑፍ ያነበዋል። የካርቱን ፊልም ሠሪ ሥራውን ሲጀምር በሰሌዳ ላይ የሚደረድራቸው ሥዕሎችም በአሠራራቸው ከዚህ ብዙ የራቁ አይደሉም።

ሁለተኛው መሠረት የእንስሳት ተረት ነው። ተረታችን ለአውሬ ማዕረግ ይሰጣል፤ ጅቡ «አያ ጅቦ»፣ ጦጣዋ «እመት ጦጢት» ትባላለች። ማዕረጉ የአክብሮት ብቻ አይደለም፤ የገጸ ባሕርይው ዕድሜ፣ ጾታና ጠባይ ገና ስሙ ሲጠራ ይታወቃል። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔትም የተነሣው ከእንስሳት ተረት ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ ሩብ የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው የደረሱት ሥራ «ፋቡላ» እና «ኮሜዲያ» የሚሉትን የባዕድ ቃላት በርእሱ ይዞ ወጣ። ያን ጊዜ ለሙያው የተዘጋጀ የአማርኛ ስም አልነበረም። ዛሬ ግን «ፋቡላ» የሚል የለም፤ «ተረት» ቦታውን ይዟል፤ «ተውኔት»፣ «ተዋናይ»፣ «ገጸ ባሕርይ» የሚሉትም ቃላት ማንም የማይጠራጠራቸው ሆነዋል። ቃላቱ የተተከሉት በዐዋጅ አይደለም፤ ደራሲው፣ መምህሩና ተዋናዩ በየዕለቱ ሥራቸው ስለ ተጠቀሙባቸው ነው።

3. ከሲኒማ ቤት እስከ ተከታታይ ፊልም

ሲኒማ በአዲስ አበባ በታየበት በመጀመሪያው ዘመን ሕዝቡ ለቤቱ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» ነበር። ስሙ ከፍርሃት የመነጨ ነውና ፍርሃቱ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ፤ «ሲኒማ» እና «ፊልም» ተተኩ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር የልጆች ዝግጅት አብሮ ተጀመረ። አባባ ተስፋዬ በሚል ስም የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ ለአገሩ ልጆች ተረት ተናገሩ። በዚያ ዝግጅት ምስሉ የተራኪው ፊትና እጅ ነበር፤ አያ ጅቦን የሚሥለው የልጁ ሐሳብ ነበር። በዚያው ስርጭት የሚታዩት የካርቱን ፊልሞች ግን ከውጭ አገር የመጡ ስለ ነበሩ ተረቱና ሥዕሉ ለየብቻቸው ቀሩ።

በሌላ የአፍሪካ ክፍል ሁለቱ ቀድመው ተገናኝተው ነበር። ኒጀራዊው ሙስጠፋ አላሳን በ1965 እ.ኤ.አ. «ላ ሞር ደ ጋንጂ»ን፣ በ1966 ደግሞ «ቦን ቮያዥ ሲም»ን በሥዕል ሠርቶ ከሰሐራ በስተደቡብ ለዚህ ሙያ ፈር ቀደደ። በአገራችን ግን ሥራው ጊዜ ወሰደ። ምክንያቱን ለመረዳት ቁጥሩን ማየት ይበቃል። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ የዐሥር ደቂቃ ፊልም 14,400 ምስል ማለት ነው። አንዱ ሥዕል ለሁለት ምስል እንዲያገለግል ቢደረግ እንኳ 7,200 ሥዕል በእጅ መሣል ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ሠዓሊ ጉልበት የሚገፋ አልነበረም፤ ኮምፒዩተር ሲመጣ ግን ሸክሙ ቀለለ።

በ2005 እ.ኤ.አ. መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በአዲስ አበባ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን አቋቋመች። የመጀመሪያ ሥራቸው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የምትባል ቀጭኔ ናት፤ ሥራው በመኖሪያ ቤት ተጀምሮ አሻንጉሊትንና በኮምፒዩተር የተሠራ ሥዕልን ያጣመረ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ከሙኒኩ ፕሪ ዠኔስና ከጃፓን ፕራይዝ ሽልማት አገኘ፤ በ2010 ደግሞ ብሩክታዊት የሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በዚሁ ድርጅት የተፈጠሩት፣ በ«ጥበብ» ስም የሚጠሩትና ጎጂ ልማዶችን በልዩ ኃይል የሚታገሉት ሦስት ልጃገረዶች ከአሻንጉሊቱ ወጥተው ሙሉ በሙሉ በሥዕል የሚኖሩ ሆኑ።

የስያሜ ተመራማሪ በእነዚህ ሥራዎች ላይ አንድ ነገር ያስተውላል። «ፀሐይ» የሰማይ ብርሃንም የሴት ልጅ ስምም ነው። «ጥበብ» ዕውቀትና ብልሃት ነው፤ በሸማኔው ዘንድ ደግሞ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚወጣው ባለ ቀለም ሥራ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በበስራት ደበበ የተዘጋጀው የሥዕል መጽሐፍ ጀግናም «ጀምበር» ተብሏል። ፈጣሪዎቹ ለገጸ ባሕርያቸው ስም ሲፈልጉ አማርኛ አላነሣቸውም ማለት ነው። ለራሱ ለሙያው ስም ሲፈለግ ግን ነገሩ ይለያል።

4. ወጥ ሥራና የቋንቋው ጠባይ

ከውጭ የመጣን ካርቱን ወደ አማርኛ መመለስና ከመነሻው በአማርኛ መሥራት እጅግ የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው ሥዕሉ አስቀድሞ ተሠርቷል፤ ተርጓሚው ቃሉን ለሥዕሉ ይቀድዳል። በሁለተኛው ድምፁ አስቀድሞ ይቀዳል፤ ሠዓሊው ሥዕሉን ለቃሉ ይቀድዳል። ልዩነቱ በሦስት ቦታዎች ጎልቶ ይታያል።

አንደኛው የዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተል ነው። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ «አየሁ» የሚለውን ቃል ከመግቢያው ላይ ይናገራል፤ ዓይኑም ያን ጊዜ ይፈጣል። አማርኛ ግን «ከዛፉ ጀርባ አንድ ትልቅ አንበሳ አየሁ» ብሎ ግሱን ለመጨረሻ ያቆያል። በተተረጐመው ካርቱን ገጸ ባሕርይዋ ገና ዛፉን ስትጠራ በድንጋጤ ዘልላለች፤ አንበሳው ሲጠራ ወደ መረጋጋት ተመልሳለች። በወጥ ሥራ ድንጋጤው እስከ ግሱ ድረስ እየተጠራቀመ ይመጣል።

ሁለተኛው የድምፅ ጉዳይ ነው። ከንፈር የሚገጥመው በ«መ»፣ በ«በ»፣ በ«ፐ» እና በ«ጰ» ነው፤ በ«ፈ» የታችኛው ከንፈር ጥርስ ይነካል፤ «ቀ»፣ «ከ»፣ «ጠ» ግን በከንፈር ላይ ምልክት የላቸውም። ስለዚህ ለሠዓሊው «መ» እና «በ» አንድ አፍ ናቸው። መጥበቅና መላላት ግን ሌላ ነገር ነው። ፊደላችን «ገና» የሚለውን ላልቶም ጠብቆም በአንድ መልክ ይጽፈዋል፤ ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን ያልሆነ»፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። «አለ» የሚለውም ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ማለት ነው። የጠበቀው ፊደል ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ ሠዓሊው ተጨማሪ ምስል መስጠት አለበት። እንግዲህ ለካርቱን የሚዘጋጅ ድርሰት የማጥበቂያ ምልክት ቢደረግበት ከተራ ጽሑፍ ይልቅ ይጠቅማል፤ በዚህ ረገድ የሥነ ልሳን ባለሙያ ለሠዓሊው የቅርብ ረዳት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የአክብሮት አጠራር ነው። የእንግሊዝኛው ነጠላ ተውላጠ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» መሆን አለበት። ትንሿ ቀጭኔ አያቷን «አንተ» ካለች ሕፃኑ የሚማረው ቃል ብቻ ሳይሆን ጠባይም ነው። ከመነሻው በአማርኛ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ሳያስብ ይሠራዋል፤ ተርጓሚው ግን በየዐረፍተ ነገሩ መወሰን አለበት።

5. ስለ ስያሜው

ለሙያው ሲነገሩ ከምንሰማቸው ስሞች «ተንቀሳቃሽ ሥዕል» የሚለው ግልጽ ቢሆንም ማናቸውንም ፊልም ሊያመለክት ስለሚችል ልዩነቱን አይዝም። «ሕያው ሥዕል» የሚለው የላቲኑን ሐሳብ በሚገባ ይመልሳል፤ ነገር ግን «ሥዕል» በቤተ ክርስቲያን አነጋገር የተቀደሰውን ሥዕል ስለሚያመለክት፣ «ሕያው» ሲታከልበት ያልታሰበ ስሜት ሊያሳድር ይችላል።

በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ስም ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። «ኮልፋ» በኦሮምኛ ሳቅ ማለት ሲሆን፣ «ቀራንዮ» በግዕዝ በኩል የገባ፣ የራስ ቅል ማለት የሆነ የግሪክ ቃል ነው። የሰፈሩ ነዋሪ ስሙን ሲጠራ ግሪክኛ እየተናገረ እንደ ሆነ አያስብም። ቃል የሚሠርጸው በዘሩ ሳይሆን በአገልግሎቱ ነው። ስለዚህ «አኒሜሽን»ን ለሙያው፣ «ካርቱን»ን ለሥራው ውጤት ብንቀበል ቋንቋው አይጐዳም።

ጉዳቱ የሚመጣው የሙያው የውስጥ ቃላት ሁሉ እንዲሁ ሲገቡ ነው። ለዚህ ምስክሩ የመኪና ጥገና ቤት ነው። «መኪና» ብቻ ሳይሆን «ጎማ»፣ «ፍሬን»፣ «ካንዴላ» ከኢጣልያንኛ ገቡ፤ ሙያው በዚያ ቋንቋ ስለ ተለመደ ሠራተኛው ዛሬም በዚያው ይሠራል። የሸማኔው ቤት ግን ከጥንት ጀምሮ «ድር»፣ «ማግ»፣ «መወርወሪያ»፣ «ጥለት» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ልጅ ከአባቱ ሥራውን ሲማር ስሙንም አብሮ ይማራል። የካርቱን ሥራ በአገራችን ገና ወጣት ስለ ሆነ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን የሚይዘው አሁን ነው።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን እናቀርባለን። ለነጠላው ምስል «ክፈፍ»፤ ታሪኩ በቅደም ተከተል ለሚደረደርበት «የሥዕል ሰሌዳ»፤ የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ለሚያሳየው ሥዕል «ዐቢይ ንድፍ»፤ በመካከል ለሚገቡት «አገናኝ ንድፍ»፤ ለአንድ ጊዜ ዝግጅት «ክፍል»፤ ለክፍሎች ስብስብ ደግሞ ተመልካቹ አስቀድሞ የለመደው «ምዕራፍ» ይሁን። «ምዕራፍ» «ዐረፈ» ከሚለው የወጣ የማረፊያ ስም ነውና፣ አንድ ተከታታይ ሥራ ለጥቂት ጊዜ ለሚያቆምበት ቦታ የተስማማ ነው። ከእነዚህ መካከል በባለሙያው አፍ ያልተመቸው ቢኖር ይጣል፤ የተሻለውን ሥራው ራሱ ይወልደዋል።

ቃላቱ የሚፈተኑት በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ አይደለም፤ ሠዓሊው ረዳቱን «ሁለት አገናኝ ንድፍ ጨምር» ብሎ ሲያዝና ረዳቱ ሳይጠይቅ ሲሠራ ነው።