ኢ-ልቦለድ መጽሐፍ ለመጻፍ ከየት ይጀመራል?

ኢ-ልቦለድ የሚባለው ታሪክን፣ ግለ ታሪክን፣ የጉዞ ማስታወሻንና በእውነት ላይ የተመሠረቱ መሰል ሥራዎችን ያጠቃልላል። ጀማሪ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ርዕሱን ሲያሰፋ ነው። «የአዲስ አበባ ታሪክ» ብሎ ከመነሳት፣ አንድን ሠፈር ወይም አንድን ትምህርት ቤት በተወሰኑ ዓመታት መያዝ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው መረጃን መለየት ነው። የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ መጽሐፍ ርዕስ «ካየሁት ከማስታውሰው» ይላል፤ የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታ ደግሞ «ካየሁትና ከሰማሁት»። ሁለቱም ለአንባቢ የመረጃውን ምንጭ ይናገራሉ። ያዩትን፣ የሰሙትንና ያነበቡትን ለየብቻ መመዝገብ በኋላ ከመደበላለቅ ያድናል።

ለቃለ መጠይቅ በዕድሜ የገፉትን ማስቀደም ያስፈልጋል፤ መዝገብ ቤት ያለ ሰነድ ነገም ሊገኝ ይችላል፣ ሰው ግን ያልፋል። የተነገረውን ከጽሑፍ ጋር ለማመሳከር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ጥሩ መነሻ ናቸው። ቀን ሲመዘገብም የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መግለጽ ግድ ነው። በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ይህን አለመለየት አንድን ክስተት በተሳሳተ ዓመት ላይ ያስቀምጣል።

ሁለት ምስክሮች ሲለያዩ አንዱን መደበቅ አይገባም፤ ሁለቱንም አቅርቦ የትኛው ለምን እንደሚያመዝን መግለጽ የመጽሐፉን ታማኝነት ያጎላል። ጽሑፉ ደግሞ የግድ ከምዕራፍ አንድ አይጀምርም፤ መረጃው ከተሟላለት ክፍል መጀመር ይቻላል።