ሞራው ሲሳብ

የአራዳንና የአካባቢዋን ሕክምና ታሪክ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያዎቹን መቁጠር ይቀናዋል፤ ከዐድዋ በኋላ በ1888 ዓ.ም የመጣውን የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን፣ ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1910 የከፈቱትን መድኃኒት ቤት፣ ዛሬ የካቲት 12 የምንለውን የስድስት ኪሎውን ቤተ ሳይዳ። በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ሳይታሰብ የሚቀደድ ጣፊያ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስፍራ የለውም። ሊኖረው ይገባል እላለሁ፤ ጉዳቱን ያከበደው ከሐኪሙ እጅ ይበልጥ «ሰው ያለ ጣፊያም ይኖራል» የሚለው የዘመኑ ትምህርት ነውና።

ጣፊያ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በቢላዋ አይደለም። በግራ ጎድን ሥር ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ ልባሱ ስስ ነው፤ ከጨጓራ፣ ከሞራና ከትልቁ አንጀት ጋር በስስ ጅማቶች ተያይዟል። ሐኪሙ ለጨጓራ ቁስለት ወይም ለአንጀት ዕጢ ሆድ ከፍቶ ሞራውን ወደ ታች ሲስብ ጅማቱ ከጣፊያው ልባስ ቁራጭ ገንጥሎ ይመጣል። ከዚያ በግራ በኩል ደም ይሞላል፤ ምንጩ ግን ቶሎ አይታይም። ወባ ወይም ካላዛር ያሳበጠው ጣፊያ ሲሆን ደግሞ ትንሽ መሳብም ይበቃዋል።

መፍትሔው ለብዙ ዘመን አንድ ነበር፤ ማውጣት። ሞሪስና ቡሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች ጣፊያቸው የወጣ አይጦች ለኢንፌክሽን እንደሚጋለጡ እ.ኤ.አ. በ1919 አሳይተው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። ኪንግና ሹማከር ጣፊያቸው በወጣ 5 ሕፃናት ላይ የደረሰውን ብርቱ ኢንፌክሽን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። እርግጥ፣ ሐኪሙ ምን ያድርግ? ደም በሌለበት ጣፊያ ልስፋ ማለት በሽተኛውን መግደል ነው የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የደም ባንክ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከዚያ በፊት በፍጥነት ያወጣን ሐኪም በዛሬ ሚዛን መመዘን ግፍ ነው። በመጭመቅ፣ በመስፋት ወይም ከፊሉን በማስቀረት ሊተርፍ የሚችለውን ትንሽ ጭረት ግን ያው ትምህርት አብሮ ይጠርገው ነበር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወባ የት አለ የሚለው ክርክር ደግሞ ብዙ አያራምድም፤ ወደ መዲናዪቱ ሆስፒታሎች በሪፈር የሚመጣው ሰው ከመተማና ከሁመራም ነው፣ ድኖ የሚመለሰውም ወደዚያው ቆላ ነው። ጣፊያ የሌለው ሰው ወባም ሆነ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ሲይዘው በሰዓታት ውስጥ ሊጠናበት ይችላል፤ ስለዚህ ይዞት የሚሄደው ወረቀት ጣፊያው ለምን እንደወጣ፣ የትኛውን ክትባት እንደወሰደና ትኩሳት በጀመረው ዕለት ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት በአማርኛ ሊነግረው ይገባል።