ሕገ ወጥ የኢንተርኔት ይዘት፦ ጥቆማና ማንሳት

በኢትዮጵያ ሕግ፣ በኢንተርኔት የተሰራጨ ወንጀል ነክ ይዘት ለሚመለከተው አካል የሚጠቆምበትና ከስርጭት የሚወጣበት ሥርዓት። ዋናዎቹ ሕጎች የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ናቸው።

የመጀመሪያው አዋጅ አገልግሎት ሰጪ ሕገ ወጥ ይዘት መኖሩን እንዳወቀ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርና ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ እያወቀ ካላነሳው በወንጀል ይጠየቃል። ሁለተኛው ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሱ ያዛል። ይህን ላላደረገ ድርጅት ግን የተለየ ቅጣት አላስቀመጠም፤ ትልቁ ክፍተቱም ይኸው ነው። ጥላቻ አሰራጪው ግለሰብ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ፣ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬና ሸዋ ሮቢት በግጭት በተጎዱበት በይፋት ቆላ፣ አማራና ኦሮሞ ጎን ለጎን በሚኖሩበት፣ ይዘትን ለማንሳት የተሰጠው የ24 ሰዓት ገደብ እጅግ ረጅም ጊዜ ነው። ጥቆማ የደረሰበት ይዘት ሳይነሣ ሲዘገይ የሚያስከትለውን አደጋ የፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጉዳይ ያሳያል። ፕሮፌሰሩ በ2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ተገደሉ፤ ልጃቸው፣ በፌስቡክ የተለጠፉባቸውን ጽሑፎች ጠቁሞ በጊዜ እንዳልተነሡ በመግለጽ የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

ጠቋሚ ሆይ፣ ይዘቱ ከመነሣቱ በፊት አድራሻውን፣ የለጠፈውን ገጽ ስምና ቀኑን ያስቀምጡ፤ ለድርጅቱ ብቻ ሳይሆን ለፖሊስም ያመልክቱ።