መጽሐፍ ያለው፣ ቤት ያጣ ቋንቋ

በኅዳር 1992 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ሰው የሞተበት ተቃውሞ ተነሳ። መነሻው የመሬት ወይም የግብር ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ የልጆች መማሪያ መጽሐፍ ነበር። ታሪኩ እኛንም አርባ ምንጮችን ይነካልና ላውጋችሁ።

ያኔ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ከሌሎች ሕዝቦች ጋር ሰሜን ኦሞ በሚባል አንድ ዞን ውስጥ ነበሩ። የዞኑ ዋና ከተማ ይቺው አርባ ምንጭ ነበረች። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ብሏል። የአራቱ ሕዝቦች ቋንቋዎች ደግሞ በጣም ይቀራረባሉ። ታዲያ ከአራቱ ስሞች መጀመሪያ ቀንጨብ ቀንጨብ ተደርጎ «ወጋጎዳ» የተባለ አንድ የጽሑፍ ቋንቋ ተሠራ፤ መጽሐፍም ታተመለት።

ሐሳቡ ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ግን በወጋጎዳ እሹሩሩ ተብሎ ያደገ አንድም ልጅ አልነበረም። ሕዝቡ «ይሄ የማን ቋንቋ ነው?» አለ። ወላይታ ላይ ተቃውሞው ሲበረታ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ ብዙም ሳይቆይ ሰሜን ኦሞ ራሱ ፈረሰ። ወላይታና ዳውሮ የየራሳቸውን ዞን ሲያገኙ ጋሞና ጎፋ እስከ 2011 ዓ.ም. አብረው ቆዩ።

ከዚያ በፊትስ? የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን የመንግሥቱ ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎ ደነገገ፤ ትምህርት ቤቱም በአማርኛ ነበር። በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ወላይትኛ ገባ፣ ጋሞኛ አልገባም። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጋሞኛ አልሞተም። ጨንቻ ደጋ ላይ፣ ዶርዜ ሸማኔው ጉድጓድ አጠገብ፣ እንሰት ሲፋቅ ሰዎች ያወሩበት ነበር። ሽሮ ሜዳ ወርደው ሸማ የሠሩት ዶርዜዎችም ይዘውት ሄደዋል። መጽሐፍ አልነበረውም፤ ቤት ግን ነበረው።

አሁን ነገሩ ተገልብጧል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች እኩል እውቅና አላቸው ይላል። ጋሞኛ መማሪያ መጽሐፍ አለው። ሴቻም ሆነ ሲቀላ ግን ወላጆች እርስ በርስ በጋሞኛ እያወሩ ወደ ልጁ ሲዞሩ አማርኛ ይጀምራሉ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር አያት በጋሞኛ ትጠይቃለች፣ የልጅ ልጅ በአማርኛ ይመልሳል። ሁለቱም ይግባባሉ፤ ስለዚህ ማንም ችግር አለ ብሎ አያስብም። ያ ልጅ አባት ሲሆን ግን ለልጁ የሚያወርሰው ጋሞኛ የለውም።

ወላጆችን አልፈርድባቸውም። ከተማዋ ከየቦታው የመጣ ሰው የሚኖርባት ናት፤ ገበያውም ቢሮውም በአማርኛ ነው። ከፍ ባሉት ክፍሎች ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቃል። «ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል» የሚል ፍርሃትም አለ። ግን ልጅ መጀመሪያ ላይ ቃላት ቢቀላቅል መምታታት አይደለም፤ ሁለት ቋንቋ ሲለመድ የሚያጋጥም ነው። አማርኛውን መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቴሌቪዥኑም ያስተምሩታል። ጋሞኛን የሚያስተምረው ሰው ግን ቤት ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

የሚጠፋውም ቃል ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ጉዳይ ሲያዩ የሚነጋገሩት በጋሞኛ ነው። «ጎሜ» የሚሉትን ውሰዱ። ነውር ነው ብትሉት ያንሳል፤ ኃጢአት ብትሉትም አይሞላም። ሰው የሠራው ጥፋት በዝናቡ፣ በከብቱ፣ በልጁ ላይ ሊመጣ ይችላል የሚል ሙሉ አስተሳሰብ አለው። በአማርኛ ብቻ ያደገ የጋሞ ልጅ ዱቡሻው ላይ ቢቀመጥም እንግዳ ነው።

ወጋጎዳ መጽሐፍ ነበረው፣ የሚያወራው እናት ግን አልነበረችም፤ ስለዚህ አልቆመም። መንግሥት ያንን ቋንቋ በትእዛዝ ቤታችን ማስገባት አልቻለም። ጋሞኛን ከቤታችን የሚያስወጣ ትእዛዝም ዛሬ የለም። እያስወጣነው ያለነው እኛው፣ ልጆቻችንን እራት ብሉ ብለን ስንጠራ ነው።