የፕሮፕ ቀመር እና የእንጦጦ አፈ ታሪክ

የሩሲያ ሥነ ቃል ጥናት ካፈራቸው መጻሕፍት መካከል ከአገሩ ውጭ እጅግ የሚጠቀሰው ቭላድሚር ፕሮፕ በ1928 እ.ኤ.አ. ሌኒንግራድ ላይ ያሳተመው የተረት ቅርጽ ጥናት ነው። ፕሮፕ ከአሌክሳንደር አፋናስየቭ ስብስብ 100 አስማታዊ ተረቶች ወስዶ አነጻጸረ። በአንዱ ተረት ንጉሥ ለጀግናው ንስር ይሰጠዋል፤ በሌላው ሽማግሌ ፈረስ ይሰጠዋል፤ በሌላውም ጠንቋይ ጀልባ ይሰጠዋል። ሰጪው፣ ተቀባዩና ስጦታው ይለዋወጣሉ፤ ድርጊቱ ግን ያው ነው። ጀግናው ባገኘው ነገር ወደ ሌላ አገር ይሻገራል። በዚህ መንገድ 31 ድርጊቶችንና 7 ባለ ሚናዎችን ለየ። ሁሉም ድርጊቶች በየተረቱ ባይገኙም ቅደም ተከተላቸው አይዛነፍም፤ በደል ወይም ጉድለት ይነሣል፣ ጀግናው ይወጣል፣ ይፈተናል፣ በመጨረሻም አግብቶ ይነግሣል።

ቀመሩን ወደ እንጦጦ እናምጣው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጃቸው በፍልውሃ አካባቢ ከተማ እንደሚቆረቁር ተንብየው ነበር ይባላል። ምኒልክ የቀደሙ ነገሥታት መናገሻ ነበር በተባለው ጋራ ላይ ይሰፍራሉ፤ ብርዱና የማገዶ እጦቱ ያስቸግራል፤ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ይወድዳሉ፤ በ1879 ዓ.ም. ትንቢቱ ይፈጸማል። ጉድለቱና ጉዞው በፕሮፕ ቀመር ውስጥ ቦታ አላቸው። ሠርጉና ዙፋኑ ግን? ጣይቱ ቀድሞውኑ ሚስት ናቸው፣ ምኒልክም ቀድሞውኑ የሸዋ ንጉሥ። ብርዱን ባላንጣ፣ ትንቢቱን ለጋሽ ብሎ መመደብ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ቀመር እንዲህ ከተለጠጠ የማያስገባው ነገር አይኖርም፤ ሁሉን የሚያስገባ ቀመር ደግሞ ምንም አያስረዳም።

ችግሩ ከሥሩ ነው። ፕሮፕ ስምን አውልቆ ድርጊትን ብቻ ያስቀራል። «አንድ ንጉሥ ነበረ» ለተረት ይበቃዋል፤ አፈ ታሪክ ግን ንጉሡ ማን እንደሆነና ቦታው የት እንደሆነ ካልነገረ አፈ ታሪክ አይሆንም። የካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን እንመልከት። ከአለት የተፈለፈለውን ይህን ቤተ ክርስቲያን የአካባቢው ትውፊት ለአብርሃ ወአጽብሃ ይሰጠዋል፤ አጥኚዎች ግን ከዚያ ብዙ ምዕተ ዓመታት ዝቅ አድርገው ወደ 12ኛውና 13ኛው ክፍለ ዘመን ያስጠጉታል። ለሥነ ቃል አጥኚ የሚበልጠው ጥያቄ የማን ቀን ትክክል ነው የሚለው አይደለም፤ ትውፊቱ ከነገሥታት ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለምን መረጠ የሚለው ነው። መልሱ ያለው በስማቸው ውስጥ ነው፤ ስማቸው ዋሻውን ክርስትና ወደ አገሩ ከገባበት ዘመን ጋር ያስተሳስራል። ተራኪው ግድግዳውን በእጁ እያሳየ ሲናገር አለቱ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል።

ፕሮፕን ለዚህ መውቀስ አይገባም፤ ጥናቱን በአስማታዊ ተረት ብቻ የወሰነው ራሱ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፉም የተረቱን ታሪካዊ ሥር በጥንት ሥርዓቶችና እምነቶች ውስጥ ፈልጓል። ጥፋቱ ቀመሩን ለማንኛውም ትረካ የሚያለብሱት ነው።

ለእንጦጦ አጥኚ የሚቀርበው ሌላ ሩሲያዊ ሳይሆን አይቀርም። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ቀይ መስቀል ጋር የመጣው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1897 እ.ኤ.አ. «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» የተሰኘ የጉዞ መጽሐፍ አሳትሟል። የሥነ ቃል ሊቅ አልነበረም፤ የወታደር ዓይኑም አድልዎ አያጣውም። ሆኖም ያየውን ከነቦታውና ከነሕዝቡ ስም ይጽፋል። የየካንና የእንጦጦን አፈ ታሪክ የምትሰበስቡ ተማሪዎች፣ ትረካውን በ31 ድርጊት ከመሸንሸናችሁ በፊት ማን፣ የት ቆሞ፣ ወደ የትኛው አለት እያመለከተ እንደተናገረው መዝግቡ።