ወርቅ ላበደረ ጠጠር

ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች አንዱ ገብቶ ቀለበት የሚያማርጥ ሙሽራ፣ ጣቱ ላይ የሚያጠልቃት ነገር ከምን ያህል ድንጋይ እንደወጣች አይጠይቅም። ስሌቱ ግን ከባድ አይደለም። በዛሬው ዓለም ከአንድ ቶን ድንጋይ 5 ግራም ወርቅ የሚገኝበት ማዕድን ጥሩ ከሚባሉት ነው። እንግዲህ 5 ግራም ለምትመዝን አንዲት ቀለበት አንድ ቶን ዓለት ተፈንቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ እንደ ዱቄት ልሟል ማለት ነው። ወርቁ ወደ ጣት ሲሄድ ዱቄቱ እዚያው ማዕድኑ አጠገብ ይቀራል።

በቀድሞ ዘመን ወርቅ በዓይን የሚታይ ነገር ነበር። ቆፋሪው የወንዝ ደለል በገበቴ እያጠበ ፍሬውን ይለቅማል፤ በአገራችን ዛሬም በዚሁ የሚተዳደሩ ብዙዎች ናቸው። የዘመናዊው የማዕድን ኢንዱስትሪ ታሪክ የሚጀምረው ግን ሰው በዓይኑ የማያየውን ወርቅ ማውጣት ከቻለ ወዲህ ነው። ይህንንም እንደ ደቡብ አፍሪካ አጉልቶ የሚያሳየን አገር የለም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1886 ዊትዋተርስራንድ በተባለው ሸንተረር፣ ላንግላግቴ በተሰኘ እርሻ ላይ ወርቅ ተገኘ። በግኝቱ ስሙ የሚነሣው ጆርጅ ሃሪሰን ድርሻውን በ10 ፓውንድ ሸጦ እንደሄደ ይነገራል። ሞኝ ነበር ብለን አንፍረድበት። ወርቁ ጠጠር በተቋጠረበት ዓለት ውስጥ እንደ ብናኝ ተበትኖ፣ ዓለቱም እያዘቀዘቀ ወደ ምድር ሆድ የሚወርድ ነበርና፣ አካፋና ገበቴ ለያዘ ሰው የሚፈይደው ነገር አልነበረም። ድማሚት፣ ወፍጮ፣ ፓምፕ፣ ሰው የሚያወርድ ማሽን ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ መግዛት የቻሉት በኪምበርሊ አልማዝ የከበሩ ነጋዴዎችና የአውሮፓ አክሲዮን ገዢዎች ነበሩ። ጆሃንስበርግ የተቆረቆረችው በእነርሱ ገንዘብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ድንጋጤ መጣ። ቁፋሮው ጠለቅ ሲል ወርቁ ድኝና ብረት ከተዋሐዱበት ማዕድን ጋር ተጣብቆ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ ወርቁን ለመያዝ ያገለግል የነበረው ባዜቃ አቃተው። የአክሲዮን ዋጋ ወደቀ፣ ብዙዎችም ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። መዳኛው የተገኘው ከግላስጎው ነው። ጆን ማክአርተር የተባለ ኬሚስት ከፎረስት ወንድማማቾች ጋር በ1887 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ዘዴ በ1890 ራንድ ደረሰ። ዘዴው እንዲህ ነው፤ በውሃ የተበረዘ ሳይናይድ በተፈጨው ድንጋይ ላይ ሲፈስ፣ በአየር ኦክስጅን እየታገዘ፣ ውሃ ስኳርን እንደሚያሟሟ ወርቁን ያሟሟዋል። ከዚያ የዚንክ ብናኝ ሲጨመርበት ወርቁ ተለይቶ ይዘቅጣል። በዚህ ከ10 እጅ 9 እጁን ያህል ማትረፍ ተቻለ። ዛሬ በዚንክ ፈንታ ከሰል ቢተካም መሠረቱ ያው ነው።

ድንጋዩ እንዲህ ተሸነፈ። ሌላ ችግር ግን ቀረ። በዚያ ዘመን የወርቅ ዋጋ በዓለም ደረጃ የተወሰነ ነበር፤ ባለማዕድኑ ወጪው በናረ ቁጥር ዋጋ መጨመር አይችልም። ማሽኑ አይረክስም፣ ሳይናይዱም አይረክስም። እንዲረክስ የተፈረደበት የጥቁሩ ሠራተኛ ጉልበት ነበር። ኩባንያዎቹ ተማክረው ደመወዝ ቀነሱ፤ በ1900 ባቋቋሙት ቀጣሪ ድርጅት አማካይነት ከሞዛምቢክና ከሌሎችም ጎረቤቶች ሰው ሰበሰቡ። መንግሥትም የጎጆ ግብር እየጣለ ገበሬውን ወደ ጉድጓዱ ገፋው። ሠራተኛው ቤተሰቡን ትቶ፣ ኮንትራቱ እስኪያልቅ በአጥር በተከለለ ሰፈር ይኖራል። በ1969 የጥቁሩ ማዕድን ሠራተኛ ደመወዝ የመግዛት አቅም ከ1911ዱ የተሻለ እንዳልነበረ ኢኮኖሚስቱ ፍራንሲስ ዊልሰን አሳይቷል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1970፣ አገሪቱ 1,000 ቶን ገደማ ወርቅ አምርታ ጣሪያ ላይ ደረሰች። የሁለቱን ቁጥሮች ጉርብትና ልብ ይሏል።

ዓለት ሲቦረቦር የሚነሣው አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሲሊኮሲስ የሚሉት በሽታ ይህ ነው። አደጋው ገና በ1900ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ተረጋግጦ ነበር። ሳንባቸው የተጎዳ ሠራተኞችና ወራሾቻቸው በጋራ ከስሰው 5 ቢሊዮን ራንድ ገደማ የሚያወጣ የካሳ ስምምነት በፍርድ ቤት የጸደቀላቸው ግን በ2019 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው! ሂሳቡ በዚህም አላበቃም። በተተዉት ጉድጓዶች የሞላው ውሃ ከድኛማው ድንጋይ ጋር ተዋሕዶ አሲድ በመሆን፣ በ2002 ከጆሃንስበርግ በስተ ምዕራብ ወደ ላይ ገንፍሎ ወጥቷል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በጉጂ ምድር፣ ሻኪሶ አጠገብ ያለው የለገደምቢ ማዕድንም ወርቁን የሚያወጣው ድንጋይ ፈጭቶ በሳይናይድ በማሟሟት ነው። በ1997 ከመንግሥት ወደ ግል ባለሀብት ተላለፈ። በ2018 የአካባቢው ነዋሪዎች የማዕድኑ ፍሳሽ ሰውና ከብት ጎዳብን ብለው አደባባይ ወጡ፤ መንግሥትም ፈቃዱን አገደ። በኋላ ማዕድኑ ወደ ሥራ ተመልሷል።

ማዕድን ይቅር የሚል ካለ እጁ ላይ ያለውን ስልክ አስቀድሞ ያስቀምጥ። ወርቅም ለአገራችን ከውጭ ምንዛሪ ዋና ምንጮች አንዱ ነው። ነገር ግን የራንድ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል። የማዕድን ውል ሲፈረም ግራሙ ብቻ ሳይሆን ቶኑም መቆጠር አለበት፤ ዱቄቱን ማን ይጠብቀዋል? ውሃውን ማን ይመረምራል? የታመመውን ማን ያሳክመዋል? እነዚህ ቀድመው ካልተጠየቁ መልሱ የሚመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ከሟች ወራሾች ፊት ነው።

አበው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ይሉ ነበር። የተረቱት ስለ ውለታ ቢስ ነው። ሳንባውን አበድሮ አቧራ፣ መሬቱን አበድሮ የድንጋይ ክምር ለተከፈለው ሰው ግን ተረት አይደለም።