የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅና ያልተቆጠሩት አንባቢዎች



የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ይህን መጽሐፍ ሲያወሳ ሕትመቱን ይቆጥራል፤ ሐያስያኑን ይጠቅሳል። እኔ ዛሬ ላወሳ የምሻው ግን መጽሐፉን ሳይገልጡ ያወቁትን ሰዎች ነው። ለእነርሱ ልቦለዱ ማለት በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ተዋናይ፣ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነበር።

እናቴ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ስሟን ለመጻፍ በቃች እንጂ ልቦለድ ለማንበብ አልደረሰችም። ማታ ራት ተበልቶ ገበታው ሲነሣ ሬዲዮኑ ይከፈታል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። የባትሪ ድንጋዩ ለትረካው እንዲተርፍ ሲባል ቀን ዘፈን ማዳመጥ ክልክል ነበር። (ይህን ክልከላ እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኩት ይመስለኛል።) ወጋየሁ ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይከብዳል፤ ሰብለ ወንጌል ዘንድ ሲደርስ ይለዝባል። ጉዱ ካሳ ሊናገር ሲል ደግሞ ጥቂት ዝም ይላል። በዚያች ዝምታ ቤታችን ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም።

ሐዲስ በልቦለዳቸው የሚጠብቁትን ፊደላት ከላያቸው ነጥብ እያደረጉ እንደ ለዩ ታውቃላችሁ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይምና «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ይሆናል። ልማዱ በሌሎች ጸሐፍት ዘንድ አልጸናም። እኔ ግን ነጥቦቹን የምረዳቸው ደራሲው ጽሑፋቸው በትክክል እንዲነገር አጥብቀው እንደ ፈለጉ ምስክር አድርጌ ነው። ስለዚህ ሬዲዮው ለመጽሐፉ ባዕድ አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ዓመት መጽሐፉን ገዝቼ ለእረፍት ቤት ስመለስ፣ ለእናቴ ከጉዱ ካሳ ንግግር ጥቂት አነበብኩላት። በትዕግሥት አዳመጠችኝና፣ «ጎሽ ልጄ፤ ግን እሱ እንዲህ አይናገርም» አለችኝ። ሳቅሁ። በኩራት ቀጥሎ የሚመጣውን ስጀምርላት በቃሏ ቀድማኝ ጨረሰችው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ከዓመታት በኋላ በዶክትሬት ጥናቴ «ማንበብ የማይችለው የከተማ ነዋሪ ከዘመናዊው ልቦለድ ጋር ትውውቅ አልነበረውም» ብዬ ጻፍሁ። የጻፍሁት መጠይቄ «ምን መጽሐፍ አንብበዋል?» ብሎ ስለ ጠየቀ ነው። ከአጠገቡ «ማን አነበበልዎ?» የሚል አልነበረም። ፈታኞቼም አልጠየቁኝም። ጥናቱ ዛሬም ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ፤ ከእናንተ ይህን ርእስ የሚመርጥ ተማሪ ቢኖር ከዚያ ዓረፍተ ነገር ይጀምርልኝ።